በ116,000 ዶላር የተሸጠው ቤት

«ታሪካዊ ቤት ይሸጣል» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘብ ሳይቆጠር ቤት አይገዛምና። ነገር ግን ከዋጋው ጋራ አብረው ሊጠየቁ የሚገባቸው ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ቤቱን የገዛው ወገን በየዓመቱ በምን ያቆመዋል? የሚል ነው። ሁለተኛውም፣ ተጠብቆ የሚቆየው ታሪክ የማን ታሪክ ነው? የሚል ነው። ዛሬ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን በአሜሪካን አገር በአትላንቲክ ውቅያኖስ ጠረፍ ወደምትገኘው ወደ ኒውፖርት ከተማ እንሄዳለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ያስታውሱልን።

ኒውፖርት የምትገኘው ሮድ አይላንድ በሚባለው ክፍለ አገር ውስጥ፣ በአንዲት ደሴት ላይ ነው። ሮድ አይላንድ በስፋት ከአሜሪካ ክፍላተ አገር ሁሉ ታናሽ ነው። ከተማይቱ የተቆረቆረችው በ1639 ሲሆን፣ በ18ኛው መቶ ዓመት መርከቦቿ ብዙ፣ ነጋዴዎቿም ባለጸጎች ነበሩ። ከዚያ ሀብት ውስጥ አንዱ ክፍል የመጣው ሰውን እንደ ዕቃ ከመሸጥና ከመለወጥ፣ ማለት ከባሪያ ንግድ እንደ ነበረ አይካድም። ኋላም ንግዱ ሲደክም የኒውፖርት ሌላው ሀብቷ ታወቀ፤ ይኸውም በበጋ ወራት ከባሕሩ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ የኒውዮርክና የፊላደልፊያ ከበርቴዎች ሙቀቱን ሽሽት በየዓመቱ ወደዚያ መውረድ ጀመሩ፤ እየተፎካከሩም ቤት ሠሩ።

ጎጆ የተባሉት ቤተ መንግሥቶች

እነዚያ ሰዎች ለበጋ መዋያ የሠሯቸውን ቤቶች «ጎጆ» ብለው ይጠሯቸው ነበር። ከጎጆዎቹ አንዱ የሆነው ብሬከርስ 70 ክፍሎች አሉት። በ1893 እና በ1895 መካከል ሲሠራ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ፈጀ ይነገራል። ማርብል ሐውስ፣ ማለት የእብነ በረድ ቤት የተባለው ሌላው ደግሞ በ1892 ሲያልቅ 11 ሚሊዮን ዶላር እንደ ወጣበት ተጽፏል። ቤቱ ባል ለሚስቱ ለልደት ቀኗ ያበረከተው ስጦታ ነበር። ጎጆ የሚለው ስም ትሕትና ይሁን ኩራት፣ ፍርዱን ለአንባቢው እንተዋለን።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው ግን ኤልምስ የሚባለውን ቤት ነው። ስሙ የተወሰደው በግቢው ውስጥ ከነበሩት ኤልም ከሚባሉ ታላላቅ ዛፎች ነው። ያሠሩት ሚስተር ኤድዋርድ ጁሊየስ በርዊንድ የሚባሉ የድንጋይ ከሰል ከበርቴ ናቸው። ሚስተር በርዊንድ በ1848 በፊላደልፊያ ተወልደው፣ በባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ተምረው፣ በኋላ ከወንድሞቻቸው ጋራ በከሰል ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ለቤታቸው አሠራር የቀጠሩት ሆራስ ትራምባወር የተባለውን አርክቴክት ነው፤ እርሱም በፓሪስ አጠገብ በአስኒዬር የሚገኘውን የ18ኛው መቶ ዓመት ቤተ መንግሥት ምሳሌ አድርጎ ንድፉን አወጣ። ቤቱ በ1901 ተፈጸመ፤ ወጪውም ወደ 1,400,000 ዶላር ነበር።

ከውጭ ሲታይ ቤቱ ያረጀ የፈረንሳይ ሕንፃ ይመስላል፤ ከውስጡ ግን ለጊዜው አዲስ የተባለውን ሁሉ የያዘ ነበር። አጽሙ ብረት፣ የውስጥ ግድግዳው ጡብ ነው፤ የኖራ ድንጋዩ ለውጭው ልብስ ብቻ ነው። በአሜሪካ ውስጥ ሌላ መጠባበቂያ መብራት ሳያስፈልጋቸው በኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሠሩ ከታሰቡት የመጀመሪያዎቹ መኖሪያ ቤቶች አንዱም እርሱ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የተደበቀው ነገር ነው። የቤት ሠራተኞቹ ወደ 40 ያህል ነበሩ። የሚያድሩበት ሦስተኛው ፎቅ ከጣራው ጫፍ ላይ በቆመው የድንጋይ ክልል ስለ ተሸፈነ ከታች ያለ ሰው አያየውም፤ የሚገቡበትም በር በሐረግ ተጋርዷል። ለማሞቂያው ምድጃ የሚያስፈልገው ከሰል ከጎን ካለው መንገድ ተነሥቶ፣ ከመሬት በታች በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ በሐዲድ ላይ በምትሄድ ጋሪ እየተጫነ ወደ ምድር ቤት ይገባ ነበር። ሀብታቸውን በከሰል ያገኙት ሰው፣ እንግዶቻቸው አንዲት እፍኝ ከሰል እንዳያዩ አድርገው ቤት ሠሩ ማለት ነው።

ወራሽ ያጣ ቤት

የሚስተር በርዊንድ ባለቤት በ1922 ሞቱ። ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ የቤቱን አስተዳደር እህታቸው ሚስ ጁሊያ በርዊንድ ያዙ፤ በ1936 ወንድማቸው ሲሞቱም ኤልምስ ለእርሳቸው ቀረ። ሚስ ጁሊያ ከአቻዎቻቸው ለየት ያሉ ሴት እንደ ነበሩ ይተረካል። በአጠገቡ ባለው የሠራተኞች ሰፈር የሚኖሩትን ልጆች ወደ ግቢያቸው እየጠሩ ወተትና ብስኩት ያበሉ ነበር። መኪናም በገዛ እጃቸው እየነዱ በከተማው ይዘዋወሩ ነበር፤ ይህም በዚያ ዘመን ለእመቤት የማይገባ ነው ተብሎ ይታማ ነበር። ሌሎቹ ታላላቅ ቤቶች በራቸውን ሲዘጉ፣ ኤልምስ ብቻውን እንደ ጥንቱ በሎሌና በገረድ ብዛት ሲተዳደር ቆየ።

ሚስ ጁሊያ በ1961 ዐረፉ። ቤቱን ለወንድማቸው ልጅ ተናዘዙለት፤ እርሱ ግን አልፈለገውም። ከዘመዶቹ አንዱ እንዲወስድለት ቢሞክርም እሺ የሚል ታጣ። «የአባት ዕዳ ለልጅ» እንዲሉ፣ 48 ክፍል ያለው ቤት መውረስ ሀብት መውረስ ሳይሆን ዕዳ መውረስ ሆኖ ተቆጠረ። በመጨረሻ በ1962 የቤቱ ዕቃ በሐራጅ ተሸጠ። አልጋው፣ ወንበሩ፣ ሥዕሉ፣ መጋረጃው በየገዢው እጅ ተበተነ። ቤቱና ቦታውም ሕንፃውን አፍርሶ መሬቱን በሌላ ሊያለማ ለተነሣ ነጋዴ ተሰጠ። ለማፍረሻው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት የኒውፖርት ካውንቲ የጥበቃ ማኅበር ጣልቃ ገብቶ በአጠገቡ ካሉት የእንግዳ ቤቶች ጋራ በ116,000 ዶላር ገዛው።

ስለ ምን ረከሰ?

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። 1,400,000 ዶላር የወጣበት ቤት ከ60 ዓመት በኋላ በ116,000 ዶላር ተሸጠ፤ ከአሥራ ሁለት እጅ አንዱ ማለት ነው። በነዚያ ዓመቶች ውስጥ የዶላር የመግዛት ኃይል ራሱ ቀንሶ ስለ ነበረ፣ እውነተኛው ልዩነት ከዚህም ይሰፋል። ነገሩም የኤልምስ ብቻ አይደለም። 11 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው የእብነ በረዱ ቤት በ1932 የተሸጠው በ100,000 ዶላር ገደማ ነው። ብሬከርስም በ1972 ለዚያው ማኅበር በ365,000 ዶላር ተሸጧል።

ምክንያቱን ስንመረምር ድንጋዩ አላረጀም፤ ያረጀው ቤቱን አቁሞት የነበረው ኑሮ ነው። በ1913 የአሜሪካ መንግሥት በሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ የገቢ ግብር ማስከፈል ጀመረ። በ1929 የገንዘብ ገበያው ወድቆ ብዙ ባለጸጋ ደኸየ። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ወንዱን ወደ ጦር ሜዳ፣ ሴቱን ወደ ፋብሪካ ሲወስዱ፣ በትንሽ ደመወዝ በሰው ቤት የሚያገለግል ሰው እየጠፋ ሄደ። አርባ ሠራተኛ ካልተገኘ አርባ ሠራተኛ የሚሻ ቤት ምን ይሆናል? በዓመት ስምንት ወይም ዐሥር ሳምንት ለሚኖሩበት ቤት ዓመቱን በሙሉ ጣራ ማስጠገን፣ ግብር መክፈል፣ ዘበኛ ማቆም የሚቻለው ማን ነው? በዚህ ላይ የባሕር ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ጨው ብረቱን ያዝገዋል፣ ድንጋዩን ይበላዋል። በባሕር ጠረፍ የቆመ ቤት አንድ ዓመት ቢረሳ፣ የሁለት ዓመት ቅጣት ያስከፍላል።

ስለዚህ አንባቢያችን ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የአንድ ቤት ዋጋ በድንጋዩ ላይ አልተጻፈም። ዋጋው ያለው ቤቱን በሚያስፈልገው ኑሮ ውስጥ ነው። ኑሮው ሲለወጥ፣ ወይ ቤቱ አዲስ ሥራ ያገኛል፣ ወይ ይፈርሳል። ሦስተኛ መንገድ የለውም።

ገዢዎቹ እነማን ናቸው?

የጥበቃው ማኅበር የተመሠረተው በ1945 ነው። መሪዋ ወይዘሮ ካትሪን ዋረን ነበሩ። ማኅበሩ መጀመሪያ የተነሣው ለታላላቆቹ ቤተ መንግሥቶች አልነበረም፤ ሀንተር ሐውስ የተባለውን የ18ኛው መቶ ዓመት የእንጨት ቤት ለማዳን ነው። ያ ቤት በ1780 ለአሜሪካ ነፃነት ሊረዱ የመጡት የፈረንሳይ መርከቦች አዛዥ አድሚራል ደ ተርኔ የተቀመጡበትና በዚያው ዓመት የሞቱበት ነው።

ማኅበሩ የራሱ ካዝና ሞልቶ አልነበረም የጀመረው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ የአባሎች መዋጮ፣ የለጋሾች ስጦታና የጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ ተሰብስቦ ነው ሥራው የቆመው። ብልሃቱን ከብሬከርስ ታሪክ እናገኘዋለን። በ1948 የቤቱ ባለቤት የነበሩት እመቤት ቤቱን ለማኅበሩ በዓመት በአንድ ዶላር ኪራይ ሰጡት፤ ማኅበሩም ለሕዝብ ከፍቶ ከእያንዳንዱ ጎብኚ ክፍያ ተቀበለ። ሰው ዘመናዊ ከበርቴ እንዴት ይኖር እንደ ነበረ ለማየት ገንዘብ እንደሚከፍል በዚህ ታወቀ። ይህ ባይታወቅ ኖሮ በ1962 ኤልምስን ለመግዛት የሚደፍር አይገኝም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1963፣ የእብነ በረዱም ቤት ወደ ማኅበሩ እጅ ገባ።

ሌላም መንገድ ነበር። በ1968 ሚስ ዶሪስ ዱክ የተባሉ ባለጸጋ የኒውፖርት ማደሻ ድርጅትን አቋቁመው፣ ሰው የናቃቸውን ከ80 የማያንሱ የጥንት ትናንሽ የእንጨት ቤቶች እየገዙ አሳደሱ። ከነዚያ የሚበዙት ሙዚየም አልሆኑም፤ ለተከራይ ተሰጡ። በኪራዩ ቤቱ ይጠገናል፤ ሰው ስለሚኖርበትም በመስኮቱ መብራት ይታያል፣ በጭስ ማውጫው ጭስ ይወጣል። ሁሉ ቤት ሙዚየም ከሆነ ከተማ ራሷ ሙዚየም ትሆናለችና፣ ይህ ሁለተኛው መንገድ በእኛ አስተያየት ከመጀመሪያው ያላነሰ ምስጋና ይገባዋል።

ሦስተኛው መንገድ የሕግ መንገድ ነው። ባለቤቱ ቤቱን ለግል ገዢ ሲሸጥ፣ የቤቱ ፊት እንዳይለወጥና ሕንፃው እንዳይፈርስ የሚያስገድድ ቃል በውሉ ውስጥ ያስገባል። ያ ግዴታ ከሰውዬው ጋራ ሳይሆን ከቤቱ ጋራ ይሄዳል፤ ቤቱ አሥር ጊዜ ቢሸጥ አሥሩንም ገዢ ያስራል። እንዲህ ያለውን ቤት መሸጥ ዋጋውን ሊቀንሰው ይችላል። ሻጩ ከኪሱ ከፍሎ ለማያውቀው የልጅ ልጅ የሚያስቀምጠው ስጦታ ነውና።

መግዛት አንድ ቀን፣ ማቆም ዘወትር

116,000 ዶላሩ የተከፈለው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ወጪ ግን እስከ ዛሬ አላበቃም። ማኅበሩ ቤቱን ሲረከብ ባዶ ክፍሎች ነበር የተቀበለው፤ ከተበተነው ዕቃ አንዳንዱ በብዙ ዓመታት ልመናና ፍለጋ ተመልሷል። ለቤቱ ስም የሰጡት የኤልም ዛፎች እንኳ በዚያ ዝርያ ላይ በመጣው በሽታ ደርቀው ጠፍተዋል። ዛፎቹ ሄደው ስሙ ቀርቷል፤ ስሙን የያዘው ቤት ደግሞ የቀረው በየዓመቱ ስለሚጠገን ነው። በ1996 ኤልምስ በአሜሪካ መንግሥት ከብሔራዊ ታሪካዊ ቅርሶች ጋራ ተመዝግቧል።

ጥቅሙን ደግሞ ከተማይቱ አይታዋለች። ኒውፖርት ከረዥም ዘመን ጀምሮ የባሕር ኃይል ከተማ ነበረች። በ1973 የጦር መርከቦቹ ወደ ሌላ ወደብ እንዲዛወሩ ሲወሰን፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሥራውን አጣ። በዚያ የችግር ጊዜ ለከተማይቱ ድጋፍ ከሆኗት ነገሮች አንዱ፣ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ለመፍረስ ተወስኖባቸው የነበሩት ቤቶች ናቸው። ዛሬ በየዓመቱ በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንግዳ ሊያያቸው ይመጣል፤ ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ባለ መኪናው ሁሉ ከዚያ ያገኛል።

ሆኖም እውነቱን እንዳለ መናገር ይገባናል። ዝናው የቤት ዋጋ አስወድዷል። ዛሬ በኒውፖርት አንድ ተራ መኖሪያ ቤት እንኳ ኤልምስ ከተሸጠበት ገንዘብ ብዙ እጥፍ ያወጣል፤ የዶላርን መርከስ ብናስብም ለአስተማሪውና ለምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ከባድ ነው። ለበጋ ብቻ የሚመጣ ባለጸጋ ቤት ሲገዛ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ሰው ከከተማ እየራቀ ይሄዳል። ቅርስን መጠበቅ አንድ ሥራ፣ በቅርሱ ጥላ ሥር የሚኖረውን ሰው መጠበቅ ሌላ ሥራ ነው።

የማን ታሪክ?

ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደረስን። በፔንሲልቬንያ ክፍለ አገር ዊንድበር የምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ አለች። የበርዊንድ ኩባንያ በ1897 የቆረቆራት ናት፤ ስሟም ቢሆን «በርዊንድ» የሚለው ቃል ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ የወጣላት ነው። በ1922 በዊንድበርና በአካባቢዋ ያሉት ቆፋሪዎች የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። የሚኖሩበት ቤት የኩባንያው ስለ ነበረ፣ ብዙ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ከቤት እንዲወጡ ተደረገ፤ በድንኳንና በየጎተራው ተጠለሉ። የኒውዮርክ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር የሚሄደው በዚያው ኩባንያ ከሰል ስለ ነበረ፣ የከተማይቱ ከንቲባ መርማሪዎች ልከው የሠራተኞቹን ኑሮ አስጠኑ፤ መርማሪዎቹም ያዩት ሁሉ አሳፋሪ መሆኑን ተናገሩ። ይሁን እንጂ አድማው በ1923 ያለ ውጤት አበቃ። በዚያው በጋ በኤልምስ መስኮቶች መብራቱ እንደ ወትሮው ይበራ ነበር።

በኤልምስም ውስጥ ቢሆን ቤቱ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ የቤት ሠራተኞቹ የዕረፍት ቀን ይወሰንልን ብለው ሥራ አቁመው ነበር። የተሰጣቸው መልስ መባረር ሆነ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ቤት መጠበቁ ይገባ ነበርን? ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ቢኖር አንነቅፈውም። መልሳችን ግን አዎን፣ ይገባ ነበር የሚል ነው። ቤቱ ቢፈርስ ኖሮ አብሮ የሚጠፋው የባለጸጋው አዳራሽ ብቻ አልነበረም፤ የከሰሉ ዋሻና የገረዶቹ መኝታ ክፍልም ይጠፋ ነበር። ምስክሩ ከጠፋ ክርክሩም ይጠፋል።

የሚያስደስተው ነገር ማኅበሩ ራሱ ይህን መረዳቱ ነው። ለብዙ ዓመት ጎብኚው የሚያየው ታላቁን አዳራሽ፣ የመብል ቤቱንና የአትክልቱን ቦታ ነበር። ዛሬ ግን የሠራተኞችን ኑሮ የሚያሳይ የተለየ ጉብኝት አለ። ጎብኚው በሠራተኞቹ በር ገብቶ፣ የጓዳውን ደረጃ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ወጥቶ፣ ጠባቦቹን መኝታ ክፍሎች ያያል፤ ከዚያም ወደ ምድር ቤት ወርዶ ምድጃዎቹንና የከሰሉን ዋሻ ይመለከታል። ለዓይን እንዳይታይ ተብሎ የተሠራው ክፍል፣ ሰው ከፍሎ የሚያየው ክፍል ሆኗል። ከ2022 ጀምሮ በቴሌቪዥን የሚታየው ያንን ዘመን የሚተርክ ድራማ እንኳ የወጥ ቤቱን ትርኢት ያነሣው በዚሁ በኤልምስ ምድር ቤት ነው።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ነገ ተነገ ወዲያ በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል የሚመረምሩ፣ ይፍረስ ወይም ይቆይ በሚል ወረቀት ላይ የሚፈርሙ ሰዎች ይሆናሉ። ያን ጊዜ ሦስቱን ጥያቄዎች አይርሱብን። ዋጋው ስንት ነው? የሚለውን ሒሳብ ዐዋቂው ይመልሰዋል። በምን ይቆማል? የሚለውን የሚመልስ በጀት ከፊርማው በፊት መገኘት አለበት፤ ያለዚያ ማዳን የተባለው ማዘግየት ብቻ ይሆናል። የማን ታሪክ ነው? ለሚለው ደግሞ መልሱ በሳሎኑ ውስጥ አይገኝም፤ በጓዳው ደረጃ ወርዶ መፈለግ ያስፈልጋል። በ1962 ኒውፖርት ላይ ለጥቂት የተረፈው ቤት እስከ ዛሬ የሚያስተምረው ይህን ነው።